መካከለኛ ተማሪ የሚባል የለም

«ገባችሁ?»

«አዎ ቲቸር!»

ይህን መልስ ስንቴ ሰምተሃል? ስንቴስ አምነኸዋል?

ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ» ሲል ደስ ይላል። ሰሌዳውን ታጠፋለህ፤ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ትሻገራለህ። በሳምንቱ ቴስት ትሰጣለህ። ወረቀቱን ስታርም ከ10 ዘጠኝ ያመጣ ታገኛለህ። ከ10 ሁለት ያመጣም ታገኛለህ። ስሙን ብቻ ጽፎ የመለሰም አይጠፋም።

ታዲያ ያ ሁሉ «አዎ» ከየት መጣ?

ከፊት ዴስክ የተቀመጡት ገብቷቸው አሉ። ከኋላ ያሉት ጓደኞቻቸውን ተከትለው አሉ። ሁለት ሦስቱ ደግሞ ነገሩን አምና ስላወቁት፣ አንተን ሳያዳምጡ አሉ።

አንተስ ለማን ነበር የምታስተምረው?

እውነቱን እንነጋገር። ብዙ መምህር ዕቅድ ሲያወጣ በሐሳቡ አንድ ልጅ ይመጣበታል። በጣም ጎበዝ አይደለም፤ በጣም ደካማም አይደለም። መካከለኛ ነው። ምሳሌው ለእሱ ነው። ፍጥነቱ በእሱ ልክ ነው። ፈተናውም እሱን ታስቦ ይወጣል።

እስቲ የስም መጥሪያህን አውጣና ያንን ልጅ ፈልገው።

የለም!

አንዷ ሒሳብ ላይ የሚደርስባት የለም፤ ንባብ ላይ ግን ትንተባተባለች። አንዱ «ጻፍ» ሲባል ላብ ያጠምቀዋል፤ በቃል ስትጠይቀው ክፍሉን ያስጨበጭባል። ሌላው ሲያንቀላፋ ቆይቶ የኳስ ወሬ ሲነሳ ይነቃል። እነዚህን ሦስት ልጆች ደምረህ ለሦስት ብታካፍል አንድ ተማሪ አይወጣህም።

አንቺም መምህርት እህቴ፣ ነገሩ አንቺንም ይመለከታል።

ዛሬ አንድ ነገር ወስን። የሌለውን ልጅ ማስተማር አቁም። ያሉትን አስተምር።

«60 ልጅ ይዤ?»

«ወንድሜ፣ የእኔን ክፍል አላየህም» ትለኝ ይሆናል። «በአንድ ዴስክ ሦስት አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ያለኝ 40 ደቂቃ ነው። መጽሐፉም ለሁሉም አልደረሰም።»

ልክ ነህ። የአገራችን የትምህርት መሥፈርት ራሱ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል። ብዙ ክፍል ከዚያ ያልፋል።

ግን 60 ዕቅድ አዘጋጅ ያለህ ማን ነው?

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካሮል አን ቶምሊንሰን ስማቸው ያሉትን ልጆች እንደየልዩነታቸው ከማስተማር ዘዴ ጋር አብሮ ይነሳል። እሳቸው እንደሚሉት መምህር አራት ነገሮችን መለዋወጥ ይችላል፦ የሚሰጠውን ይዘት፣ ልጆቹ የሚሠሩበትን መንገድ፣ መማራቸውን የሚያሳዩበትን ሥራ፣ የክፍሉን ድባብ። ለዚህም ሦስት ነገር ያያል፦ ልጁ አሁን ያለበትን ደረጃ፣ ፍላጎቱን እና የሚመቸውን የአሠራር ሁኔታ።

አራቱን በአንድ ቀን ልቀይር ካልክ ማክሰኞ ላይ ትደክማለህ። አንዱን ምረጥ። አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ሞክረው። ልማድ የሚገነባው እንዲህ ነው።

ይህን ከማንም አትበደርም

ነገሩ ከውጭ የመጣ ፋሽን ይመስልሃል? እንግዲያውስ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ጎራ በል።

አንድ የኔታ፤ ብዙ ልጅ። አንዱ ፊደል ይቆጥራል። አጠገቡ ያለው መልእክተ ዮሐንስ ላይ ደርሷል። ወዲያ ያለው ዳዊት ይደግማል። ንባቡ ራሱ ግእዝ፣ ውርድ፣ ቁም እያለ ደረጃ አለው። ቅኔ ቤት ብትገባም ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ነው ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚወጣው። «ዓመቱ አልቋልና እለፍ» የሚለው የለም። ሲችል ያልፋል። ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል።

ቁርኣን ቤት ሂድ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የእንጨት ሉህ አለው። የተጻፈለትን ይቀራል። ሲያውቀው አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። የጎረቤቱ ሉህ ላይ ያለው ሌላ ነው። ማንም በዚህ አያፍርም።

አሁን ደግሞ ፕላዝማን አስታውስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎቻችን ገብቶ የነበረውን የሳተላይት ትምህርት ማለቴ ነው። የቲቪው መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ጥያቄ ይሰጣል። ጊዜው ሲያልቅ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። የገባውም ያልገባውም እኩል ይታለፋል። «ቆይ» ብትለው አይሰማም።

አንተ ትሰማለህ። አንተ የልጆቹን ፊት ታያለህ። ግንባሩን የቋጠረውን፣ መስኮት የሚያየውን፣ ጨርሶ ጎኑ ያለውን የሚነካካውን ታውቀዋለህ።

ይህን ችሎታ ይዘህ ለምን እንደ ፕላዝማ ታስተምራለህ?

አንደኛ፦ ከማስተማርህ በፊት ጠይቅ

አዲስ ምዕራፍ ልትጀምር ነው? መጀመሪያ ሩብ ወረቀት አስወጣ። ሦስት ጥያቄ ስጥ። አንዱ ካለፈው ክፍል ይሁን። አንዱ ዛሬ ከምታስተምረው። አንዱ ከዚያ ከበድ ያለ። ማርክ የለውም በል። ማርክ የሌለው ወረቀት ላይ ልጅ እውነቱን ይጽፋል።

ከዚያ ሻይህን እየጠጣህ ወረቀቱን ሦስት ቦታ ከምር። የመጀመሪያውን ያልመለሱ፤ የመጀመሪያውን ብቻ የመለሱ፤ ከዚያ በላይ የሄዱ። አለቀ። ክፍልህን አሁን አወቅኸው።

የህንዱ የትምህርት ድርጅት ፕራተም ሥራውን በሙምባይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያጋጠመው ችግር አንተ የምታውቀው ነው፤ አምስተኛ ክፍል ተቀምጠው የሁለተኛ ክፍል ጽሑፍ ማንበብ ያቃታቸው ልጆች። ምን አደረገ? እያንዳንዱን ልጅ ለጥቂት ደቂቃ አስነበበው። ፊደል ላይ ነው? ቃል ላይ? አንቀጽ ላይ? ወይስ ታሪክ ያነባል? ከዚያ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን ባሉበት ደረጃ ቧድኖ አስተማራቸው።

ኢኮኖሚስቶቹ አቢጂት ባነርጂ እና ኤስተር ዱፍሎ ይህን አሠራር ከባልደረቦቻቸው ጋር በተለያዩ ቦታዎች በሙከራ ፈትሸውታል። ልጆቹ ተሻሽለው ተገኙ። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ሥራውን የጀመረው ግን ኖቤል አይደለም። «አንተ የት ነህ?» ብሎ ልጁን የመጠየቅ ልማድ ነው።

ሁለተኛ፦ ግቡ አንድ፣ ሥራው ሦስት

የክፍልፋይ መደመር እንውሰድ። የዛሬው ግብ ታሕታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው። ግቡ ለሁሉም አንድ ነው። እሱን አታውርደው።

ለመጀመሪያው ክምር ወረቀት አስጥፍ። ግማሹን ቀለም ይቀቡት። ሌላ ሩብ ይጨምሩበት። 1/2 እና 1/4 ሲደመር 3/4 መሆኑን በዓይናቸው ይዩ።

ለሁለተኛው ክምር 2/3 + 1/4 ስጥ። የጋራ ታሕት ፈልገው 11/12 ላይ ይድረሱ።

ለሦስተኛው ክምር ይህን ጻፍላቸው፦ «አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 አለ። ሳታሰሉ ስሕተት መሆኑን አስረዱት።» ትንሽ ይጨነቁ። ከዚያ አንዷ ትነሳለች፤ «ቲቸር፣ 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ እናገኛለን?»

አየህ? አንድ ግብ፣ ሦስት ሥራ፣ አንድ ሰሌዳ። ተጨማሪ በጀት አልጠየቀም።

40 ደቂቃህን እንዲህ ክፈለው፦ 10 ደቂቃ ለሁሉም አስረዳ። 20 ደቂቃ ይሥሩ። 10 ደቂቃ አብራችሁ ዝጉ። በ20ው ደቂቃ ጠረጴዛህ ጋ አትቁም። ወደ መጀመሪያው ክምር ሂድ። ጎንበስ በል። ደብተራቸውን እይ። በጣም የምታስፈልገው ልጅ ብዙ ጊዜ እጅ አያወጣም።

ሦስተኛ፦ አፍህን ዝጋና ቁጠር

ይህ ምንም አያስወጣህም። ነገውኑ ትጀምረዋለህ።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለኩ። ምን አገኙ? አንድ ሰከንድ ገደማ! ከዚያ መምህሩ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራል ወይ ራሱ ይመልሳል። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ። «አላውቅም» ቀነሰ። ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች መናገር ጀመሩ።

አንድ ሰከንድ ለማን ይበቃል? መልሱን አስቀድሞ ለሚያውቀው ብቻ።

ስለዚህ ጠይቅ። በልብህ ቁጠር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዝምታው ያስጨንቅህ ይሆናል። ታገሠው። ልጆቹ እያሰቡ ነው። ቀጥለህ «ለጎንህ ንገረው» በል። ስድሳ ልጅ በአንዴ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ስም ጠርተህ ጠይቅ። አሁን ባዶ እጁን የሚነሳ የለም።

አራተኛ፦ የሚወደውን ፈልግ

«ይህ ልጅ ለምንም ነገር ፍላጎት የለውም» ብለሃል? ከትምህርት ቤት በር ውጭ አግኝተኸው ታውቃለህ?

የሊጉን ደረጃ ሰንጠረዥ በቃሉ ያውቀዋል። የግብ ልዩነት ያሰላል። ቡድኑ ሻምፒዮን ለመሆን ስንት ነጥብ እንደሚቀረው ይነግርሃል። ይህ ሒሳብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እናቷ ጉሊት የምትሸጥ ልጅ ትርፍና ኪሳራን ካንተ በላይ ኖራዋለች። የገበሬ ልጅ ዝናብን፣ አፈርንና ዘርን ከመጽሐፉ ቀድሞ ያውቃል። ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና የሚያነበው ልጅ የአማርኛ ክፍለ ጊዜህ ላይ ለምን ዝም ይላል? ምናልባት አልጠራኸውም ይሆናል።

አሥር ደቂቃ ስጣቸው። አንድ ጥያቄ በወረቀት ይመልሱልህ፦ «ስትሠሩት ጊዜው የሚሮጥባችሁ ነገር ምንድን ነው?» መልሱን ሰብስብ። ምሳሌ ስታወጣ ከዚያ ክምር ምዘዝ። የፐርሰንት ጥያቄህ ውስጥ ኳስ አስገባ። የድርሰት ርዕስህን ሦስት አድርገውና ይምረጡ። የምዕራፉን ማጠቃለያ አንዱ ጽፎ፣ አንዱ በሥዕል፣ አንዱ በአጭር ድራማ ያቅርብ።

አንድ ነገር ግን አጥብቅ። ምርጫው ይለያይ እንጂ መመዘኛው አይለያይ። ድራማ የሠራውም ቁም ነገሩን ማሳየት አለበት።

አምስተኛ፦ ቡድኑ አይድረቅ

አንድ ለአምስት የሚባለውን የተማሪዎች ቡድን ታውቃለህ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የቻለ ያልቻለውን ይርዳ ነው። ግን ቡድኑ መስከረም ላይ ተመሥርቶ እስከ ሰኔ ካልተነካ ምን ይሆናል? ሰቃዩ ይሠራል፤ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ።

ስለዚህ አንቀሳቅሳቸው። ሰኞ በደረጃ ቧድናቸው። ረቡዕ ጎበዙንና ደከም ያለውን ቀላቅል። ዓርብ በሚወዱት ነገር ይሰባሰቡ። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ወረቀቷን መልሰህ ስጥ፤ ክምሩን እንደ አዲስ ከምር። ልጅ ከክምር ክምር ሲሻገር ጠርተህ ንገረው። «አንተ ራስህ ነህ ያመጣኸው» በለው።

«የሰነፎች ቡድን» የሚባል ስም ግን ከአፍህ አይውጣ። በፊትህም አይነበብ።

ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሮዘንታል እና ሌኖር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙትን ጥናት አስብ። ለአንድ ትምህርት ቤት መምህራን «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ይመነደጋሉ» ተብሎ ስም ተሰጣቸው። ስሞቹ የወጡት በዕጣ ነበር! በዓመቱ መጨረሻ፣ በተለይ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል፣ እነዚያ ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ጭማሪ አሳዩ። ጥናቱ ብዙ ክርክር አስነስቷል፤ የተጽዕኖው መጠን እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንተ ግን ዕጣውን በየቀኑ እያወጣህ ነው። የማንን ስም እየጻፍክ ነው?

ስድስተኛ፦ ፈጣኑን አትቅጣው

አምስት ጥያቄ ቀድሞ ለጨረሰ ልጅ ምን ትሰጠዋለህ? አምስት ተመሳሳይ ጥያቄ?

ይህ ሽልማት አይደለም፤ ቅጣት ነው። ልጁም ብልህ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀስ ብሎ ይሠራል።

ቁጥር አትጨምርለት። ጥልቀት ጨምርለት። «በሌላ መንገድ ሥራው» በለው። «ለጓደኛህ የሚከብድ ጥያቄ አውጣ፤ መልሱንም አዘጋጅ» በለው። «ይህ ሕግ የማይሠራበት ቦታ አለ?» ብለህ ጠይቀው። ሌሎችን ሲያስረዳም ጥሩ ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ ረዳት መምህር አታድርገው። እሱም ሊማር ነው የመጣው።

ማኅተም አትምታ

አሁን አንድ ወጥመድ ላሳይህ። «እሱ በዓይኑ ነው የሚማረው፣ እሷ በጆሮዋ» የሚል ነገር በየሥልጠናው ሰምተሃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቻቸው ጥናቶቹን ሰብስበው መረመሩ። ልጆችን እንዲህ ከፍሎ እንደየዓይነታቸው ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም።

ስለዚህ ልጆቹን በዓይንና በጆሮ አትክፈላቸው። ለሁሉም አሳይ፤ ለሁሉም ንገር፤ ሁሉንም አሠራ። ሥራውን የምትለዋውጠው ልጁ በደረሰበት ደረጃና በሚወደው ነገር ነው። ደረጃ ይቀየራል። ፍላጎትም ይቀየራል። ማኅተም ግን አይለቅም።

መጀመሪያ አንተ እመን

«አምስት ጣት እኩል አይደለም» እንላለን። ብዙ ጊዜ የምንለው ተስፋ ስንቆርጥ ነው። ግን እጅህን እይ። እኩል ባይሆኑም እንጀራውን የሚቆርሱት አብረው ነው!

የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁሩ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ድፍረት የተሞላ ሐሳብ አቀረቡ። ትምህርት ቤት ጊዜውን ለሁሉም እኩል ያደርጋል፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ይለያያል። ገልብጡት፤ ዕውቀቱን ለሁሉም ግብ አድርጉ፣ ጊዜውና እርዳታው ይለያይ። እንዲህ ከሆነ አብዛኛው ተማሪ ይችላል አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ብዙ ሰው ያስደነገጠ ቁጥር ይዘው መጡ። አንድ ለአንድ የተማረው ተራ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን በለጠ። በክፍል ሆኖ፣ ያልገባው እየተፈተሸና እየታረመለት የተማረው ደግሞ 84 በመቶውን በለጠ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ያገኙት ጭማሪ ከዚህ ያነሰ ነው። አቅጣጫው ግን አልተቀየረም፤ ያልገባውን ፈትሸህ ካረምክ ልጁ ይሻሻላል።

ተከታታይ ምዘና የምንለው ነገር መንፈሱ ይህ ነው። አንተስ እንዴት ነው የምትጠቀምበት? ማርክ ለመሙላት? ወይስ ነገ ምን እንደምታስተምር ለመወሰን?

ልዩነቱ በጀት አይጠይቅም። ሱፐርቫይዘርም አይጠይቅም። ውሳኔ ይጠይቃል።

ነገ

ሥራ ይበዛብሃል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አዎ። ክፍሉ ትንሽ ይንጫጫል። ሦስቱ ሥራዎች አንዳንዴ ይደበላለቃሉ። ስታፍ ውስጥ አንዱ «ምን ትደክማለህ?» ይልሃል። ፈገግ በልና ቀጥል። ዘንድሮ ያወጣኸውን ባለ ሦስት ሥራ ዕቅድ በሚቀጥለው ዓመትም ትጠቀምበታለህ። ያንተኑ ትምህርት የሚያስተምረው ባልደረባህ ያወጣውን አንተ ትወስዳለህ፤ ያንተን እሱ ይወስዳል። ድካሙ በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልማዱ ግን ይቀራል።

ስድስቱን በአንዴ አትያዝ። አንድ ክፍል ምረጥ። አንድ ትምህርት ምረጥ። አንድ ወር ስጠው።

ዛሬ ማታ የነገውን ሌሰን ፕላን ስትጽፍ ከግቡ ሥር ሦስት መስመር ጨምር፦ ገና ላልደረሰው ምን እሰጠዋለሁ? ለደረሰው ምን እሰጠዋለሁ? ላለፈውስ? በሦስቱም መስመሮች ፊት የአንድ አንድ ልጅ ስም ጻፍ። እውነተኛ ስም፤ ነገ ጠዋት ክፍል ገብቶ የሚቀመጥ ልጅ ስም።

ጻፍክ? እንግዲያውስ ተዘጋጅተሃል። ግባና አስተምራቸው!